አጥንት ቆጠራና የክርስቲያን ጋብቻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እጮኛ ምርጫ ነው። ስለ መልክና ስለ ሀብት ግን አይደለም። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ሽማግሌ በተላከ ቁጥር ከሁሉ በፊት ስለሚጠየቀው፣ «አጥንቱ ከማን ነው?» ስለሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም በቆዳ ቀለም ይጠየቅ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ነጭ ከሌላ ዘር ጋር እንዳይጋባ በ1949 የወጣው ሕግ እስከ 1985 ጸንቶ ኖሯል። በአሜሪካም በብዙ ግዛቶች የነበረው ተመሳሳይ ክልከላ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው በ1967 ነው፤ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይህን ስንሰማ እናዝናለን፤ እንፈርዳለንም። ነገር ግን በእኛ ዘንድ መልኩ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ ጥምቀቱ አንድ የሆነ ወጣት፣ አባቱ ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ፣ እናቱ ሸክላ ሠሪ በመሆኗ ብቻ ከጋብቻ ይከለከላል። የሚከለክለው ሕግ አይደለም፤ ሹክሹክታ ነው።

ሀ. ነገሩ እንዴት ይፈጸማል?

ሽማግሌ ይላካል። የልጅቱ ቤተሰብ «ቀን ስጡን፤ እንምከርበት» ይላል። በዚህ መካከል ዘመድ ዘመድን ይጠይቃል። አንዱ በሌላው ጆሮ «እነርሱ እኮ ባለእጅ ናቸው» ይላል። ወይም ያ የሚያስፈራው ስም፣ «ቡዳ» የሚለው ይጠራል። ወይም ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ ይህን ያህል ትውልድ ካለፈ በኋላ የባርነት ስም ይነሣል። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ግን እውነተኛውን ምክንያት የሚነግራቸው የለም። «ልጃችን ገና ትምህርቷን አልጨረሰችም» ይባላሉ። ልጁም ነገሩን እያወቀ አፉን ዘግቶ ይቀራል፤ ፊት ለፊት ላልተነገረ ክስ መልስ መስጠት አይቻልምና።

ለ. ሰባት ቤትና አጥንት

አንዳንዶች «ዘር መቁጠር የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው» ይላሉ። ሁለቱን ቆጠራዎች እንለይ። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ ነው፤ ይህ ቆጠራ ከራስ ቤት ርቆ ማግባትን ያስተምራል። አጥንት ቆጠራ ግን ከራስ ወገን እንዳይወጡ የሚደረግ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፤ በመጀመሪያ «ዘመዳችን እንዳትሆን» ብሎ፣ ቀጥሎም «ከእኛ ያነሰች እንዳትሆን» ብሎ። የመጀመሪያው ሥርዓት ነው፤ ሁለተኛው ትዕቢት ነው።

ሐ. ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

ሙሴ ኢትዮጵያዊት ስላገባ እህቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን በሐሜት ተናገሩበት። እግዚአብሔር ሰማ፤ ማርያምም በለምጽ ተመታ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች (ዘኁ. 12፥1-15)። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ደስ እያለን እናነበዋለን፤ የታማችው የእኛዋ ናትና። ነገር ግን የሸማኔ ልጅ ለወንድማችን ስትታጭ በቤታችን የሚነገረውን ብናስተውል፣ የቆምነው በማርያም ስፍራ ነው።

«አብርሃም ለይስሐቅ ከከነዓናውያን ሴት እንዳይወሰድ ሎሌውን አስምሎት የለምን?» የሚል ይኖራል (ዘፍ. 24)። አዎን፤ ሕጉም ከአሕዛብ ጋር መጋባትን ከልክሏል። ምክንያቱ ግን እዚያው ተጽፏል፤ ልጆቻቸውን ወደ ሌሎች አማልክት እንዳይመልሱባቸው ነው (ዘዳ. 7፥3-4)። ክልከላው ስለ አምልኮ እንጂ ስለ አጥንት አልነበረም። ለዚህ ምስክራችን ሩት ናት። ሞዓባዊት ሳለች የኑኃሚንን አምላክ አምላኳ አድርጋ ስለ ተከተለች ቦዔዝ አገባት፤ የንጉሥ ዳዊትም ቅድመ አያት ሆነች። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ረዓብንም ሩትንም አልደበቀም (ማቴ. 1፥5)። እንግዲህ የክርስቲያን የመጀመሪያ ጥያቄ ሃይማኖቷ ምንድን ነው፣ ምግባሩስ እንዴት ነው የሚል ሊሆን ይገባዋል።

መ. የእጅ ሥራ ነውር ነውን?

የደብተራ ኦሪትን ንዋያት የሠራው ባስልኤል ለወርቅ፣ ለብር፣ ለናስና ለእንጨት ሥራ በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞልቶ ነበር (ዘጸ. 31፥2-5)። ጻድቁ ዮሴፍ ጠራቢ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)። እመቤታችንም ቅዱስ ገብርኤል ሲያበሥራት ሐርና ወርቅ እያስማማች ትፈትል እንደ ነበር አባቶች ያስተምሩናል። በአገራችንም ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን ከልክለዋል።

የቢቸናን ነጭ ጤፍ የሚያርሰው ገበሬ ማረሻውን የሚያገኘው ከቀጥቃጭ ነው። እኛም ለቅዳሴ የምንለብሰው ነጠላ በሸማኔ እጅ የተሠራ ነው፤ የምንሳለመው መስቀልና ማኅሌታውያን የሚይዙት ጸናጽል ከአንጥረኛ እጅ የወጡ ናቸው። ሥራውን ወደ መቅደስ አስገብተን ሠሪውን ከማዕዳችን ብናርቅ ምን እንመልሳለን?

ሠ. የራስን ወገን መናቅ

ይህ በሽታ ሁለተኛ ፊትም አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነገርም። ራሱ የሸማኔ ልጅ ሆኖ ሳለ «የሸማኔ ልጅስ አላገባም» የሚል ወጣት አለ። ከጨዋ ቤት ቢያገባ ስሙ የሚነጻለት ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሰዳቢዎቹ የሠሩትን ሚዛን ተቀብሎ የገዛ እናቱን ይመዝንበታል። የቆዳዋን መቅላት ብቻ አይቶ የሚያጭ፣ የአገሩን ልጅ ንቆ ፈረንጅ ማግባትን እንደ ማዕረግ የሚቆጥርም በዚሁ ሚዛን ላይ ነው። በብሔር ተለያይቶ መተያየት በበዛበት በዚህ ዘመንም «ከእነዚያ ወገን እንዳታመጣ» የሚለው ቃል ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው።

ስለዚህ ይህን እንያዝ፤ ከወገን ማግባት ኃጢአት አይደለም፤ ከሌላ ወገን ማግባትም በራሱ ጽድቅ አይደለም። ኃጢአቱ ከአንዱ ጥምቀት ይልቅ አጥንትን ማክበር ነው፤ የሰውንም ሆነ የራስን አጥንት መናቅ ነው።

ረ. ምን እናድርግ?

1. ወላጆቻችንን አንሳደብ፤ አንኮብልል። ይህን ነገር ከእናት ከአባታቸው የተቀበሉት ነው። በንስሐ አባታችን በኩል፣ በትዕግሥት፣ ደጋግመን እናስረዳ። አንዳንዱ ቤት ዓመታት ይፈጅበታል።

2. ለእጮኛችን የቤተሰባችንን እውነት ከሠርግ በፊት እንንገር። የተደበቀ ስም በኋላ ትዳር ያፈርሳል።

3. «ቡዳ» የሚለው ቃል በመካከላችን ሲነገር አብረን አንሳቅ። ያ ቃል ካልተነገረ ሽማግሌው ባዶ እጁን አይመለስም ነበር።

4. በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድና ሴት ያለ ዘርና ያለ ብሔር ልዩነት በነጻ ፈቃዳቸው የመጋባት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህን እንወቅ፤ ለማያውቁም እናስረዳ።

ይህ ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል። የሚያኮርፍ አጎት፣ ከሠርግ የሚቀር ዘመድ ይኖራል። ሆኖም በተክሊል ጸሎት በሁለቱ ሙሽሮች ራስ ላይ የሚደፋው አክሊል አንድ ዓይነት ነው፤ ካህኑም አክሊሉን ከመድፋቱ በፊት አጥንት አይጠይቅም።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ሰባት ቤት መቁጠርና አጥንት መቁጠር በምን ይለያያሉ?
2. በዘኁልቁ ምዕራፍ 12 ታሪክ ውስጥ የእኛ ስፍራ የት ነው?
3. የራስን ወገን መናቅ ለምን ኃጢአት ይሆናል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።