ጾምና የለመድነው ጣዕም

እስራኤል በምድረ በዳ መና ሳይጎድልባቸው የግብፅን ዓሣና ሽንኩርት እያሰቡ እንዳለቀሱ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እናነባለን። ያስለቀሳቸው የለመዱት ጣዕም ነበር።

የአንጎል ጥናትም የልማድን ኃይል ያስረዳናል። ስኳርና ስብ የበዛበት ምግብ ስንመገብ ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎላችን ይመነጫል፤ አንጎልም ያንን ጣዕም መዝግቦ ደግመን እንድንሻው ይገፋፋናል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት ክብደታቸው ጤናማ የሆነ ሰዎች ለ8 ሳምንታት እንዲህ ያለውን መክሰስ በየዕለቱ ተመገቡ። ከዚያም አንጎላቸው ለዚሁ ምግብ የሚሰጠው ምላሽ በረታ፤ ስብ ያነሰበትን ምግብ መውደዳቸውም ቀነሰ።

ይህ ስለ ጾማችን ምን ያስተምረናል? ከሥጋና ከወተት ተከልክለን በለስላሳ መጠጥና በጣፋጭ ብስኩት ብንካካስ ምኞታችን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጾመም። ግማሽ ሊትር ለስላሳ 50 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ካስቀመጠው ጣሪያ ጋር ይስተካከላል።

ስለዚህ በጾም ወራት በለስላሳው ፈንታ ውኃን፣ በብስኩቱ ፈንታ ቆሎን እንምረጥ፤ ልጆቻችንንም ከአሁኑ እናስለምዳቸው። ልማድ ያሳሳተውን ምላስ መልካም ልማድ ያቀናዋልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።