የሠርግ ፎቶግራፍ

ሠርግ አንድ ቀን ነው። ጠላው ይጠጣል፤ እንጀራው ይበላል፤ ዳሱ ይፈርሳል፤ እንግዳውም መርቆ ወደየቤቱ ይሄዳል። ከትዳሩ ሌላ ከዚያ ቀን የሚተርፈን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ትዝታ ነው። ሁለተኛው ፎቶግራፍ ነው። ትዝታ ከሰው ጋር ያረጃል። ፎቶግራፍ ግን በደንብ ከተነሣና በደንብ ከተያዘ ለልጅ ልጅ ይደርሳል።

ዛሬ በየገጠሩ ሠርግ ፎቶ አንሺ ይጠራል። ወጣቶችም በእጅ ስልካቸው ያነሣሉ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ይወጣና ፎቶው ጥሩ ሳይሆን ይቀራል። የሙሽሪት ፊት ይጠቁራል። አያት ተረስተው ይቀራሉ። ይህ ለምን ይሆናል? ምንስ ማድረግ እንችላለን? በዚህ ትምህርት ይህን እንመለከታለን።

1. ፎቶግራፍ ምንድን ነው?

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው። ትርጉሙም በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። እኛ በእርሳስ እንጽፋለን፤ ካሜራ በብርሃን ይጽፋል።

ካሜራ ብርሃን የማያስገባ ሳጥን ነው። ከፊቱ ሌንስ የሚባል መስታወት አለው። ፎቶ አንሺው ሲጫነው ቀዳዳው ለቅጽበት ይከፈትና ብርሃን ይገባል። ድሮ ይህ ብርሃን የሚያርፈው በፊልም ላይ ነበር። ፊልሙ የብር ማዕድን ያለበት ቅባት የተቀባ ስለሆነ ብርሃን ሲነካው ይለወጣል። ከዚያ በጨለማ ክፍል በመድኃኒት ይታጠባል። በአንዱ ጥቅል ፊልም የሚነሣው ብዙውን ጊዜ 24 ወይም 36 ፎቶ ብቻ ነበር። ዛሬ ብርሃኑን የሚቀበለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ገበታ ነው። ፎቶውም ሜሞሪ ካርድ በሚባል ጥፍር በሚያክል ነገር ላይ ይቀመጣል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር የፎቶግራፍ አነሣሥ ዘዴውን ለዓለም የገለጠው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ነው። ወደ አገራችንም ፎቶግራፍ ከገባ ቆይቷል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉ አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ። ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰው ሠርተዋል። በዚያን ጊዜ ፎቶ መነሣት የመኳንንትና የሀብታም ነገር ነበር። ዛሬ ገበሬውም ይነሣል።

2. አስቀድሞ መዘጋጀት

«የሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ» ይባላል። ፎቶም እንደ በርበሬው ነው። የሚታሰበው አስቀድሞ ነው።

በሠርግ ቀን የሚነሡ ፎቶዎች በሁለት ይከፈላሉ። የማይደገሙና የሚደገሙ ናቸው። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲደርስ፣ የሙሽሪት ወገኖች በር ላይ ሲያግዷቸው፣ ሙሽሮች የወላጅ ጉልበት ሲስሙ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ እናት ልጇን ስትሸኝ፤ እነዚህ አይደገሙም። ካለፉ አለፉ። የቤተሰብ ፎቶ፣ የሚዜዎች ፎቶ፣ የሙሽሪት የብቻዋ ፎቶ ግን ተረጋግቶ ሊነሣ ይችላል። ጊዜ ከጠፋም በመልሱ ቀን ሊነሣ ይችላል።

ስለዚህ ፎቶ አንሺው የማይደገሙት መቼና የት እንደሚሆኑ ማወቅ አለበት። የአካባቢያችንን ልማድ ሁሉ ያውቃል ብለን አንገምት። ከሌላ አገር የመጣ ሊሆን ይችላል። እናት ከጓዳ ወጥታ ስትመርቅ እሱ ምሳ እየበላ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ቀድመን ካልነገርነው የኛም ነው።

አሁን መጻፍ ችለናል። እንግዲያውስ ዝርዝር እንጻፍ። በአንድ ወረቀት ላይ የማይደገሙትን በተራ እንጻፍ። ከሥሩ ፎቶ መነሣት ያለባቸውን ዘመዶች ስም እንጻፍ። ከሁሉ በፊት አረጋውያንን እናስቀድም። ለብዙ አረጋውያን የልጅ ልጅ ሠርግ ላይ የተነሡት ፎቶ የመጨረሻቸው ይሆናል። ዝርዝሩን ዘመዱን ሁሉ ለሚያውቅ አንድ ሰው እንስጥ። እሱ እየጠራ ያቅርብ፤ ፎቶ አንሺው ያንሣ። አለዚያ ፎቶ አንሺው ቶሎ ቶሎ የሚቀርበውን ጎረምሳ ብቻ አንሥቶ ይሄዳል። በማዕዘን የተቀመጡት አያት ይቀራሉ።

በቤተ ክርስቲያን በተክሊል ወይም በቁርባን ለሚጋቡ፣ በኒካህም ለሚጋቡ፣ ፎቶ የሚፈቀደው የትና መቼ እንደሆነ የሃይማኖት አባቶችን አስቀድመን እንጠይቅ። ሥርዓቱ ተጀምሮ «ውጣ፣ አትውጣ» መባባል ለሙሽሮችም ለእንግዳም ደስ አይልም።

3. ብርሃን

ጥሩ ካሜራ በመጥፎ ብርሃን ጥሩ ፎቶ አያነሣም። ተራ ካሜራ ግን በጥሩ ብርሃን ጥሩ ያነሣል።

የብዙዎቻችን ሠርግ በጥር ነው። የጥር ፀሐይ ብርቱ ናት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ከአናት በላይ ሆና ትወርዳለች። ያን ጊዜ ደጅ የተነሣ ሰው ዐይኑ ጎድጎድ ብሎ ይጠቁራል፤ አፍንጫው ከሥሩ ጥላ ይጥላል። ሰውየውም ፊቱን ያኮማትራል። የተሻለው ጠዋት ማልዶ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ቀትር ላይ ማንሣት ግድ ከሆነ ጥላ እንፈልግ። የቤት ጥላ ከዛፍ ጥላ ይሻላል። በቅጠል መካከል የሚሾልክ ፀሐይ ፊትን ዝንጉርጉር ያደርገዋል።

ዳስ ውስጥ ሌላ ችግር አለ። ዳሱ በሰማያዊ ሸራ ከተሸፈነ ብርሃኑ በሸራው አልፎ ሲመጣ ሰማያዊ ይሆናል። የሰውም ፊት ሰማያዊ መስሎ ይወጣል። ቢጫ ሸራም ቢጫ ያደርጋል። ለዳስ ነጭ ሸራ ከተገኘ ለፎቶ የተመረጠ ነው። ካልተገኘም ዋና ዋና ፎቶዎችን ከዳሱ አፍ አጠገብ፣ የውጭ ብርሃን ፊትን በሚመታበት ቦታ ማንሣት ነው።

ማታ ፎቶ አንሺው ፍላሽ ያበራል። ፍላሽ ሩቅ አይደርስም። ፋኖስን እናስብ። ከ2 እርምጃ ላይ ያለን ሰው ደህና አድርጎ ያሳያል። ወደ 4 እርምጃ ብናርቀው ግን የሚደርሰው ብርሃን ግማሽ ሳይሆን ከአራት አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። ፍላሽም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ማታ የሚነሣ ሰው ወደ ካሜራው ቀረብ ይበል።

4. ነጭ ቀሚስና የሙሽሪት ፊት

የሙሽሪት ፊት በፎቶ ላይ የሚጠቁረው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ካሜራው መጥፎ ነው ይላል። ነገሩ ሌላ ነው።

ካሜራ ከፊቱ ያለውን ብርሃን ሁሉ ደምሮ ይለካል። የሚለካውም ነገር መካከለኛ እንዲሆን፣ ብዙ ነጭም ብዙ ጥቁርም እንዳይሆን ያደርጋል። ሙሽሪት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ወይም ቬሎ ለብሳ ከፊቱ ስትቆም ብዙ ነጭ ያያል። «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ቀሚሱ አመድማ ይሆናል፤ የሙሽሪት ፊትም ይጠቁራል። በተቃራኒው ከጨለማ ጓዳ ፊት ብትቆም ካሜራው «ብርሃኑ አነሰ» ብሎ ይጨምራል። ፊቷ ይታያል፤ የቀሚሷ ጥለት ግን ይጠፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፎቶ አንሺው ብርሃኑን ከቀሚሱ ላይ ሳይሆን ከፊቷ ላይ ይለካ። በእጅ ስልክ የምናነሣ ከሆነ በስልኩ መስታወት ላይ ፊቷን በጣት እንንካ። ብዙዎቹ ስልኮች ያን ጊዜ ለፊቷ ብለው ብርሃኑን ያስተካክላሉ። ሙሽሪትንም ብርሃን ከጀርባዋ ሳይሆን ከፊቷ ወይም ከጎኗ እንዲመጣ አድርገን እናቁማት።

ለብቻዋ ለምትነሣው ፎቶ ከሁሉ የሚሻለው የቤታችን ደጃፍ ነው። ሙሽሪት ከበሩ አንድ እርምጃ ገባ ብላ ወደ ውጭ ትይ። ከደጅ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው። ከኋላዋ ያለው ጓዳ ይጨልማል፤ እሷ ጎልታ ትታያለች። በአዲስ አበባ ሙሽሮች ለፎቶ ወደ መናፈሻ ይሄዳሉ። የግዮን ሆቴል የአትክልት ቦታ ለብዙ ዓመታት በዚህ የታወቀ ነበር። እኛ ግን ለዚህ ብለን መኪና መኮናተር የለብንም። ደጃፋችን ይበቃል።

የቤተሰብ ፎቶ ሲሆን አረጋውያን ከፊት ይቀመጡ፤ ረጃጅሞች ከኋላ ይቁሙ። ሰው ሲበዛ ዐይኑን የሚጨፍን አይጠፋም። ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ ይነሣ።

5. ወጪና ውል

ፎቶ ደስ ይላል ተብሎ ዕዳ ውስጥ አይገባም። ለሠርግ የተበደርነውን ዕዳ የሚከፍሉት ሙሽሮቹ ናቸው። ትዳራቸውን በዕዳ ቢጀምሩ አልበሙን ባዩ ቁጥር ያዝናሉ እንጂ አይደሰቱም። በሬ ሸጦ ቪዲዮ ከማስቀረጽ 30 ጥሩ ፎቶ ማንሣት ይበልጣል።

ጭቅጭቅ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከቁጥር ነው። አንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ሙሽራ 60 ፎቶ፣ አንዱን በ40 ብር ተስማማ እንበል። ዋጋው 2,400 ብር ነው። ፎቶ አንሺው ግን 80 አትሞ መጣ። «ሁሉንም ውሰድ» አለ። አሁን ዋጋው 3,200 ብር ሆነ። 800 ብር ከየት ይምጣ? ውል ቢኖር ይህ ጭቅጭቅ አይነሣም ነበር።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ውሉ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«እኔ ፎቶ አንሺ ____ በ____ ቀን በ____ ቀበሌ በሚደረገው ሠርግ ከ____ ሰዓት እስከ ____ ሰዓት ፎቶ ለማንሣት ተስማምቻለሁ። ____ ፎቶ አትሜ በ____ ቀን አስረክባለሁ። ያልታተሙትንም ፎቶዎች በሜሞሪ ካርድ እሰጣለሁ። ዋጋው ____ ብር ነው። ቀብድ ____ ብር ተቀብያለሁ። ቀሪው ____ ብር ፎቶው ሲረከብ ይከፈላል። ያለ ሙሽሮቹ ፈቃድ ፎቶውን ለሌላ አልሰጥም፣ አልለጥፍም። ፊርማ ____። የምስክሮች ፊርማ ____ ፣ ____።»

ውሉን ሁለት ቅጂ አድርገን አንዱን እኛ እንያዝ። ሳናነብ አንፈርም። ገንዘቡንም ፎቶው ሳይደርሰን ሙሉ በሙሉ አንክፈል።

6. ፎቶና ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ፎቶግራፍ ይናገራል። ሕጉ ከሚዘረዝራቸው ልዩ ሁኔታዎች በቀር የማንም ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። ስለዚህ ፎቶ አንሺ የሙሽሪትን ፎቶ ሱቁ ላይ ሊሰቅል ቢፈልግ ይጠይቃት። በስልክ ያነሣንም ሰዎች የሰውን ሠርግ በፌስቡክና በቴሌግራም ከመበተናችን በፊት እንጠይቅ። የጠጣ ሰው ሲወድቅ፣ እናት ስታለቅስ አንሥቶ መበተን ጨዋታ አይደለም፤ ሰው ማዋረድ ነው።

ሁለተኛ፣ ፎቶ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አይሆንም። አንዳንዱ «ፎቶ አለን፤ ምን ያስፈልጋል» ይላል። ባል ቢሞት ወይም ጠብ ቢነሣ ሴቲቱ በመሬቱና በንብረቱ መብቷን ለማስከበር መጀመሪያ የምትጠየቀው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጋብቻን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ ተጀምሯል። ከሠርጉ በኋላ ሳንዘገይ ቀበሌ ሄደን እናስመዝግብ።

ሦስተኛ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ልጅን የሚያገባ በእስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ቬሎ ልጅን ትልቅ ሰው አያደርጋትም። ፎቶዋ ግን ዕድሜዋን ይመሰክራል። ሲያድጉ አልበሙን የሚገልጡት ልጆቿ የሚያዩት ሙሽራ ሳይሆን የምታለቅስ ሕፃን እንዳይሆን እናስብበት።

7. አያያዝ

ፎቶ ጠላት አለው። ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ጢስ ያጠቁረዋል። እርጥበት ያጣብቀዋል። አይጥ ይበላዋል። ስለዚህ ምድጃ ካለበት ክፍል አናስቀምጠው። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አንስቀለው። በአልበም ወይም ክዳን ባለው ሳጥን ደረቅ ቦታ እናኑረው። ስንይዘውም ጫፍና ጫፉን እንያዝ እንጂ ፊቱን በጣት አንንካ።

በስልክ ብቻ ያለ ፎቶ እንዳለ አይቆጠርም። ስልኩ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ወይም ቢሰረቅ ፎቶው አብሮ ይሄዳል። በሁለት ቦታ እናስቀምጠው። የተመረጡትን እናሳትም።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። በየፎቶው ጀርባ ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ ሳንጫን፣ የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን እንጻፍ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሰዎች ፎቶ አለ። ያወቋቸው ሞተዋል፤ ስማቸውን የጻፈም የለም። ፊታቸው አለ፤ እነሱ ግን ጠፍተዋል። የኛ አያቶች መጻፍ ስላልቻሉ ይህ ሆነ። እኛ ግን ችለናል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።
1. ፎቶግራፍ ማለት ምን ማለት ነው?
2. ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ፊቷ በፎቶ ላይ የሚጠቁረው ለምንድን ነው?
3. አንዱ ፎቶ 40 ብር ቢሆን የ35 ፎቶ ዋጋ ስንት ነው?

ለ. በቡድን ተወያዩ።
1. በአካባቢያችሁ ሠርግ የማይደገሙት ሥርዓቶች የትኞቹ ናቸው? ዘርዝራችሁ ጻፉ።
2. ለሠርግ ዕዳ መግባትን እንዴት ማስቀረት ይቻላል?

ሐ. የቤት ሥራ።
ከቤታችሁ አንድ የቆየ ፎቶ ፈልጉ። በፎቶው ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ አረጋውያንን ጠይቁ። ስማቸውን በጀርባው ጻፉ።