በቀዝቃዛ ውኃ ለመጥለቅ የትኛው ልብስ ይሻላል፦ ዌትሱት ወይስ ድራይሱት?

ነሐሴ ላይ በሲያትል የአልካይ ዳርቻ ሰው በካናቴራ ሲንሸራሸር ይውላል። ከዳርቻው ሥር ያለው የፒዩጄት ሳውንድ ውኃ ግን ዓመቱን ሙሉ ባብዛኛው ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጠላቂዎች ግዙፉን የፓስፊክ ኦክቶፐስ በገዛ ዋሻው ለማየት ክረምት ከበጋ ወደዚህ ውኃ ይወርዳሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚህች ከተማ መጥለቅ ልማር ብሎ የሚነሣ ሰው ገና ከጅምሩ የልብስ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሻጭ ዋጋ ይነግረዋል፤ ጓደኛ የለመደውን ይመክረዋል። በቂ መልስ የሚገኘው ግን ሁለቱ ልብሶች ሙቀት የሚይዙበትን መንገድ ሲያውቁ ነው።

ቅዝቃዜ ጠላቂን ምን ያደርገዋል?

ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ያስተላልፋል። አየሩ 15 ዲግሪ ሲሆን ሹራብ ደርቦ ግማሽ ቀን ውጭ መዋል ይቻላል። 15 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ያለ መከላከያ የገባ ሰው ግን ብዙ ሳይቆይ ይንቀጠቀጣል። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ37 ወርዶ ከ35 ዲግሪ በታች ሲሆን ሐኪሞች ሃይፖሰርሚያ ይሉታል።

ጠላቂ ችግር ላይ የሚወድቀው እዚያ ሳይደርስ ነው። መጀመሪያ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ የክብደት ቀበቶውን ማላቀቅ ወይም አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት ቁልፍ መጫን ይከብዳል። ትንፋሽ ይፈጥንና በሲሊንደሩ ያለው አየር ከታሰበው ቀድሞ ያልቃል። ሐሳብም ይዘገያል። ስለዚህ ልብስዎን ከአየር ሲሊንደሩ እኩል የደኅንነት መሣሪያ አድርገው ይቁጠሩት።

ሙቀት የሚይዘው ምንድን ነው?

ጋቢ የሚያሞቀው በድርቦቹ መሃል አየር ስለሚይዝ ነው። ሲረጥብ ጥጡ ያው ጥጥ ነው፤ ነገር ግን አየሩን ውኃ ስለተካው አያሞቅም። የጠላቂ ልብስም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ሙቀትን የሚጠብቀው ባለበት ጸንቶ የሚቆይ ጋዝ ነው። ማንኛውንም ልብስ ሲያዩ እንግዲህ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ጋዙ የት ነው ያለው? ወደ ታች ስወርድስ ምን ይሆናል?

ዌትሱት፦ ጋዙ ጎማው ውስጥ ነው

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ሂው ብራድነር አንድ ነገር አስተዋለ። ጋዙ ልብሱ በተሠራበት ጎማ ውስጥ ከተቆለፈ ገላ ቢረጥብም ሙቀቱ አይሄድም። ዌትሱት የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። ኒዮፕሪን የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ እንደ አረፋ ተነፍቶ ሲሠራ በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የጋዝ ከረጢቶች ይቀራሉ። የሚያሞቁት እነሱ ናቸው።

ብዙ ሰው ግን ዌትሱት የሚያሞቀው በገላና በጎማው መካከል የሚገባው ውኃ ነው ብሎ ያምናል። ያንን ውኃ የሚያሞቀው የራሳችን ገላ ነው፤ ለዚያም የሚከፍለው ሙቀት አለ። ቁም ነገሩ አንዴ የሞቀው ውኃ ወጥቶ በቦታው ቀዝቃዛ እንዳይገባ ነው፤ ለዚህም የልብሱ ልክ ከውፍረቱ የማያንስ ዋጋ አለው። ሱቅ ውስጥ ሲለኩ ቁጢጥ ብለው ይነሡ፤ እጆችዎን ወደ ላይ ይዘርጉ፤ ከዚያ አብሮዎት ያለ ሰው ከወገብዎ በላይ ያለውን የጀርባ ጎድጓዳ በመዳፉ ይጫንልዎት። ጎማው ከገላዎ ርቆ ከቆየና ሲጫኑት የሚገባ ከሆነ ውኃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። በጎነበሱ ቁጥር የሞቀው ውኃ በአንገትዎ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ይተካል። ብብትዎንና የጉልበትዎን ጀርባም እንዲሁ ይፈትሹ። ሰፊ የሆነ 7 ሚሊ ሜትር ልብስ ልክ ከሆነ 5 ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይችላል።

ጥልቀት የሚቀማው ሙቀት

ሮበርት ቦይል በ17ኛው መቶ ዘመን እንዳሳየው ግፊት ሲጨምር የጋዝ መጠን ይቀንሳል። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት የውኃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ነው፤ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ይሆናል። ጎማው ራሱ ብዙም አይጨመቅም፤ በውስጡ ያሉት የጋዝ ከረጢቶች ግን በእጅጉ ይኮማተራሉ። ስለዚህ ዌትሱት ይበልጥ የሚሳሳው ብዙውን ጊዜ ውኃው ይበልጥ በሚቀዘቅዝበት ጥልቀት ላይ ነው። ተንሳፋፊነቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ጠላቂው እየሰመጠ እንዳይሄድ ጃኬቱ ውስጥ አየር መጨመር አለበት። በተደጋጋሚ መጨመቅ ከረጢቶቹን ስለሚያደክም ያገለገለ ዌትሱት የመለያ ጽሑፉ 7 ሚሊ ሜትር ቢልም እንደ አዲሱ አያሞቅም። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ጎማውን በጣቶቹ መሃል ይዞ ይሞክረው፤ ሲጫኑት የማይመለስ ከሆነ ይተወው።

ድራይሱት፦ ጋዙ በእርስዎ እጅ ነው

ድራይሱት ውኃ ጨርሶ እንዳይገባ ታስቦ የተሠራ ልብስ ነው። አንገትና የእጅ አንጓ ላይ ከላቴክስ፣ ከሲሊኮን ወይም ከኒዮፕሪን የተሠራ ማሸጊያ አለው። ዚፑ ውኃ አያሳልፍም። ደረቱ ላይ ከሲሊንደሩ በቱቦ አየር የሚቀበል ማስገቢያ ቫልቭ፣ የግራው ክንድ ላይ ደግሞ ማስወጫ ቫልቭ ይገኛል። ጠላቂው እየወረደ ሲሄድ የደረቱን ቁልፍ በአጭር በአጭሩ ይጫናል፤ ግፊቱ የቀማውን ጋዝ ይተካል። ዌትሱት ይህን ማድረግ አይችልም። ድራይሱት የለበሰ ሰው 30 ሜትር ላይም ሆኖ በገላው ዙሪያ የጋዝ ንጣፉን ይዞ ይቆያል።

ከስስ ውኃ የማያስገባ ጨርቅ የተሠራው ድራይሱት ግን ብቻውን አያሞቅም። ጋዙን ይዞ የሚያቆየው ከሥር የሚለበሰው ልብስ ነው። ከሱፍ ወይም ላብ ከማይዝ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚያቀዘቅዝ አይሆንም። የዚህ ጥቅሙ ልብሱን ሳይለውጡ የሥሩን እንደ ወቅቱ መቀነስና መደረብ መቻሉ ነው። ከኒዮፕሪን የተሠሩ ድራይሱቶችም አሉ፤ እነሱ በራሳቸውም ያሞቃሉ፤ ነገር ግን ጎማቸው እንደ ዌትሱት በጥልቀት ይሳሳል።

ሲለብሱ ሰዓትና ጌጥ ያውልቁ፤ ማሸጊያው ለስላሳ ቆዳ ላይ ተዘርግቶ መቀመጡን በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ። ከሥሩ አንድ የፀጉር ዘለላ ወይም የሹራብ ጫፍ ከገባ ውኃ መንገድ አገኘ ማለት ነው፤ ሲወጡ ክንድዎ እስከ ክርንዎ ርሶ ያገኙታል።

ያው ጋዝ አደጋም አለው

ሲወርዱ አየር መጨመር የረሱ እንደሆነ ልብሱ ገላዎ ላይ ተጣብቆ ቆዳዎን ይቆነጥጣል፤ መተንፈስም ይከብዳል። ሲወጡ ደግሞ በተቃራኒው ጋዙ ይሰፋል። ካላስወጡት ይበልጥ ያንሳፍፍዎታል፤ በተንሳፈፉ ቁጥርም ይበልጥ ይሰፋል። እንዲህ ሳይቆጣጠሩት በፍጥነት መውጣት ሳንባን ሊጎዳና የግፊት ለውጥ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። እግር ከራስ በላይ ከሆነ ጋዙ ወደ እግር ይሄዳል፤ ማስወጫው ያለው ክንድ ላይ ስለሆነ መውጫ ያጣል። በዚህ ጊዜ ጉልበትን አጥፎ መገልበጥና የግራን ክንድ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያኔ አየሩ ፉጨት እያሰማ ይወጣል። ይህ በንባብ ብቻ የሚያዝ ትምህርት አይደለም፤ ገላ እስኪለምደው ድረስ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከአሠልጣኝ ጋር መደጋገም አለበት። ታዋቂዎቹ የመጥለቅ ማሠልጠኛ ድርጅቶች ለድራይሱት የተለየ ኮርስ የሚሰጡትም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የትኛውን ይምረጡ?

ሦስት ነገሮችን ይመዝኑ። የመጀመሪያው በሚወርዱበት ጥልቀት ያለው ሙቀት ነው፤ ላይ ላዩ ሊያታልል ይችላል። ከ24 ዲግሪ በላይ ለሆነ ውኃ 3 ሚሊ ሜትር ዌትሱት አብዛኛውን ሰው ይበቃዋል፤ ከ18 እስከ 24 ለሆነው 5 ሚሊ ሜትር። በእስራኤል ኤላት የሚኖር ጠላቂ ውኃው ከ21 እስከ 28 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ድራይሱት ብዙም አያሳስበውም። ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ዌትሱት ከሆነ 7 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የራስ ቆብ፣ ጓንትና ቦትም ይጨመርበት። ከ10 በታች ድራይሱት ይመረጣል። በአይስላንድ ሲልፍራ በተባለው ስንጥቅ ውኃው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው፤ በሲሊንደር የሚጠልቅ ሰው ድራይሱት መልበስ ብቻ ሳይሆን በድራይሱት መጥለቅ እንደሚችል ማስረጃ ማቅረብም አለበት።

ሁለተኛው ጥልቀትና ጊዜ ነው። 8 ሜትር ላይ ለ25 ደቂቃ የሚበቃ ዌትሱት 25 ሜትር ላይ ለ45 ደቂቃ ላይበቃ ይችላል።

ሦስተኛው ከውኃው ከወጡ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። በጀልባ ላይ ነፋስ የረጠበውን ዌትሱት ሲያደርቅ ከገላ ሙቀት ይወስዳል፤ ሁለተኛው መጥለቅ የሚጀመረው ቀድሞ በበረደው ሰውነት ነው። ድራይሱት የለበሰ ሰው ደርቆ ይጠብቃል። በመውጫው ሰዓት መብረድ ሌላም ጉዳት አለው፤ የደም ዝውውር ወደ ቆዳና ወደ እጅ እግር ስለሚቀንስ ከሚተነፍሱት አየር በሰውነት የተጠራቀመውና የግፊት ለውጥ ሕመም የሚያመጣው ናይትሮጂን በዝግታ ይወጣል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናትም ታች ሞቆት ሲወጣ የሚበርደው ጠላቂ ለግፊት ለውጥ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጥ አሳይቷል።

ድራይሱት ከዌትሱት ብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ማሸጊያው ይለወጣል፣ ዚፑ እንክብካቤ ይፈልጋል፣ ተጨማሪ የእርሳስ ክብደትም ያስይዛል። በበጋ ወራት አልፎ አልፎ 10 ሜትር ድረስ የሚወርድ ጀማሪ ልኩ የሆነ 7 ሚሊ ሜትር ዌትሱት ቢይዝ አልተሳሳተም። በፒዩጄት ሳውንድ ዓመቱን ሙሉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ልጥለቅ ለሚል ግን መልሱ ድራይሱት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ተከራይተው ይሞክሩት፤ ለመግዣ ካጠራቀሙት ገንዘብም የኮርሱን ክፍያ አስቀድመው ይለዩ። ያልተማሩበትን ድራይሱት ለብሰው ግን ያለ አሠልጣኝ ባሕር አይግቡ።