ይተኮስ ወይስ ሳይተኮስ ይቀመጥ? የአንድ ሪቮልቨር ሽጉጥ ፊዚክስ

በአሜሪካ አገር ቆየት ያሉ የጦር መሣሪያዎችን በሚያሰባስቡ ሰዎች መካከል ዘወትር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ያልተተኮሰበት፣ ከነካርቶኑ የተቀመጠ ሪቮልቨር ሽጉጥ ያገኘ ሰው ሊተኩስበት ይገባዋልን? ወይስ እንደነበረ ሊያቆየው? አንደኛው ወገን፣ መሣሪያ የተሠራው እንዲሠራበት ነው፤ ሳጥን ውስጥ የሚኖር ሽጉጥ ከድንጋይ አይለይም ይላል። ሌላው ወገን፣ እንዲህ ያለው ዕቃ ዳግም የማይገኝ በመሆኑ ቃታውን መሳብ ቅርሱን ማጥፋት ነው ሲል ይመልሳል።

ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የፍላጎትና የገንዘብ ጉዳይ ይመስላል። በሥሩ ግን ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ የሚያውቀው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የትኛው ለውጥ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የትኛውስ አይመለስም የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ ተኩስ በብረት ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ በቁጥር እየመዘንን የክርክሩን መልስ ለመፈለግ እንሞክራለን።

ሁለቱ ምሳሌዎቻችን

ሪቮልቨር ጥይቶቹን በሚሽከረከር ክብ ብረት ውስጥ የሚጎርስ ሽጉጥ ነው። ይህን የሚሽከረከር ክፍል ከዚህ በኋላ «ከበሮ» እንለዋለን። መምቻው ወደ ኋላ በተሳበ ቁጥር ከበሮው ይዞርና ከጥይት ቀዳዳዎቹ አንዱ ከአፈሙዙ ትይዩ ይቆማል፤ አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስም ከሥር ወጥታ ትቆልፈዋለች። ሳሙኤል ኮልት በዚህ መርሕ ለሠራው ሽጉጥ በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1836 ነበር።

ለጥናታችን ከኮልት ፋብሪካ ሁለት ሞዴሎችን መርጠናል። የመጀመሪያው የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 የተቀበለው «ሲንግል አክሽን አርሚ» የተባለው ባለ .45 ካሊበር ሽጉጥ ነው። የመጀመሪያው ጥይቱ 2.6 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ ይይዝ ነበር። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው፣ በአጨራረሱ ጥራት የታወቀው ባለ .357 ማግነም «ፓይተን» ነው። የዚህኛው ምርት ለዓመታት ተቋርጦ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ከማይዝግ ብረት እንደገና መሠራት ጀምሯል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወደ መደምደሚያው ስንቃረብ ስለሚያስፈልገን አንባቢ እንዲያስታውሰው እናሳስባለን።

አንድ ሺኛ በማይሞላ ሰከንድ ውስጥ

የፓይተን ጥይት 10 ግራም ያህል ይመዝናል እንበል። ከአፈሙዙ ሲወጣም ፍጥነቱ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበቱ የግዝፈቱና የፍጥነቱ ስኩዌር ብዜት ግማሽ በመሆኑ 722 ጁል ይሆናል። የአፈሙዙ ርዝመት 15 ሴንቲሜትር ቢሆንና የጥይቱን አማካይ ፍጥነት የመጨረሻው ፍጥነት ግማሽ፣ ማለትም በሰከንድ 190 ሜትር፣ አድርገን ብንወስድ፣ ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ የሚቆየው 0.0008 ሰከንድ ብቻ ነው።

በዚህች ቅጽበት የሚቃጠለው ባሩድ የሚፈጥረው ጋዝ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ታዲያ አፈሙዙ ለምን አይቀልጥም? መልሱ ጊዜው አጭር መሆኑ ነው። ሙቀት በአንድ ቁስ ውስጥ የሚዘልቀው ርቀት በግምት የቁሱ የሙቀት ሥርጭት መጠንና የጊዜው ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። ለብረት ይህ መጠን በሰከንድ 12 ስኩዌር ሚሊሜትር ያህል በመሆኑ፣ በ0.0008 ሰከንድ ውስጥ ሙቀቱ የሚዘልቀው 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ የሽጉጡ ገላ በአንድ ተኩስ ምንም አይሆንም። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ ሁሉ በዚያች ስስ ቆዳ ላይ ይከማቻል። ይህች ቆዳ በድንገት ግላ ልትለጠጥ ስትል ሥሯ ያለው ቀዝቃዛ ብረት ይይዛታል፤ ወዲያው ደግሞ ትቀዘቅዛለች። ይህ ሲደጋገም በአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ገጽ ይፈጠራል። እንዲሁም በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ከሚገኘው፣ ከሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛ ከማይበልጠው ክፍተት የሚያመልጠው ጋዝ ከከበሮው በላይ ያለውን ድልድይ እየላጠ ቀጭን ቦይ ያወጣበታል። ቦዩ በመጀመሪያዎቹ ተኩሶች በፍጥነት ይጠልቅና ኋላ ግን እድገቱ ይቀንሳል፤ ብረቱ ከጋዙ መውጫ እየራቀ ይሄዳልና።

ሳይተኮስም የሚጠፋ ነገር

ለአሰባሳቢው የሚያሳስበው ግን ከዚህም የቀጠነ ነው። የፓይተን ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ገጽ ቀለም አይደለም። በኬሚካል አማካይነት ከራሱ ከብረቱ የተፈጠረ የማግኔታይት ሽፋን ሲሆን ውፍረቱ የሚለካው በማይክሮሜትር ነው። ከበሮው በዞረ ቁጥር ያች የምትቆልፈው ጥርስ ሽፋኑን ትፍቀዋለች፤ በዙሪያውም ቀጭን የሚያበራ መስመር ትጥላለች። መስመሩን ለመሥራት ጥይት አያስፈልግም፤ ሽጉጡን ለእንግዳ እያሳዩ ባዶውን ማሽከርከር ይበቃል።

ሽፋኑን በአዲስ መተካት አይቻልምን? ይቻላል። ነገር ግን አዲስ ሽፋን ለማልበስ ገጹን መሞረድና መወልወል ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሹል ጠርዞች ይዶለዱማሉ፤ የፋብሪካው ሠራተኛ የተወው የእጅ ምልክትና የተቀረጹት ጽሑፎች ይደበዝዛሉ። ሽጉጡ አዲስ ይመስላል፤ የቀድሞው ግን አይደለም። የቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛው ሕግ በጋዝና በሞተር ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ተማሪ ካለ፣ በዚህች መስመር ላይ ሊያየው ይችላል። በገጹ ላይ ተጽፎ የነበረው መረጃ አንዴ ተበትኗል፤ መልሶ የሚሰበስበው የለም።

ፍጹም «ያልተተኮሰ» ሪቮልቨር ግን ብዙ ጊዜ እንደማይገኝ እዚህ ላይ ማስገንዘብ ይገባል። ፋብሪካው ሽጉጡን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ራሱ ተኩሶ ይፈትነዋል። ስለዚህ ቃሉ የሚነግረን ከፋብሪካ በኋላ ስላለው ታሪክ ነው።

የግፊትና የብረት ጉዳይ

ስለ 1873ቱ ሞዴል ስንነጋገር ክርክሩ የቅርስ ብቻ መሆኑ ይቀርና የተኳሹ እጅና ዓይን ጉዳይ ይሆናል። ጥቁር ባሩድና ጭስ አልባ ባሩድ አነዳዳቸው ይለያያል። ጭስ አልባው ግፊቱ በጨመረ መጠን ይበልጥ ፈጥኖ ይነዳል፤ ፈጥኖ በነደደ መጠንም ግፊቱ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚይዝ፣ ጥይት በእጁ የሚሞላ ሰው በሰፊው የ.45 ቀለህ ውስጥ ሳያውቀው ሁለት እጥፍ ሊጨምር ይችላል። ጥቁር ባሩድ ግን ቀለሁን ስለሚሞላው እንዲህ ያለው ስሕተት አይመችም።

ግምታዊ ስሌት እንሥራ። የጥይት ቀዳዳው ራዲየስ 6 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው የመወጠር ጫና የግፊቱና የራዲየሱ ብዜት ለውፍረቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ዛሬ ለ.45 ኮልት ጥይት የተወሰነው ጣሪያ 97 ሜጋፓስካል ያህል በመሆኑ ጫናው ወደ 290 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ካርቦኑ አነስተኛ የሆነና በሙቀት ያልጠነከረ ብረት ቅርጹን መለወጥ የሚጀምረው በዚሁ አካባቢ ነው። ግፊቱ በእጥፍ ቢያድግ ከበሮው ሊፈነዳ ይችላል። ኮልት ራሱ ለዚህ ሞዴል በጭስ አልባ ባሩድ ዋስትና መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1900 መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት በተሠራ ሽጉጥ ዘመናዊ ጥይት መተኮስ ፋብሪካው ያልገባውን ዋስትና ለራስ መስጠት ነው።

ሁለት ዓይነት ኪሳራ

እስካሁን ያየነውን በግራፍ ብናስቀምጠው ሁለት መስመሮች እናገኛለን። የመጀመሪያው የመካኒካል መዳከም መስመር ነው፤ በእያንዳንዱ ተኩስ ጥቂት በጥቂት ይወጣል። በትክክለኛ ጥይት የሚተኮስ ጤነኛ ፓይተን በአንድ ከሰዓት በኋላ ተኩስ የሚደርስበት መዳከም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሁለተኛው የመረጃ ኪሳራ መስመር ነው፤ ይህ እንደ ደረጃ ነው። ከዜሮ ወደ አንድ ሲኬድ በአንድ ጊዜ ይዘልላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠፍጣፋ ይሆናል። ከመቶኛው ተኩስ ወደ መቶ አንደኛው ሲኬድ የሚጠፋ አዲስ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ተከራካሪዎቹ የማይግባቡት አንደኛው የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን መስመር ስለሚያይ ይመስለናል። መልሱም ሽጉጡ በደረጃው የትኛው ወገን ላይ እንደቆመ በማየት ይገኛል። ከዚህ በፊት የተተኮሰበት፣ ሽፋኑ የተላጠ ሽጉጥ ደረጃውን አልፏል። ባለሙያ መርምሮት፣ ጥይቱም ተመጥኖለት ቢተኮስበት ዓለም የምታጣው ነገር የለም። ያልተተኮሰበት ግን ገና ከደረጃው ወዲህ ነው። ተኩሱ የሚሰጠው ስሜት በሌላ መንገድ ይገኛል፤ የ2020ው ፓይተን አለ፤ የ1873ቱንም ሞዴል የኢጣሊያው ኡቤርቲ ፋብሪካ በዘመናዊ ብረት አስመስሎ ይሠራዋል። ስሜቱ ሊደገም ይችላል፤ ዕቃው ግን አይደገምም። የሚደገመውን ለማግኘት የማይደገመውን መክፈል ስሌቱ አይደግፈውም።

መቀመጥም ጥበቃ ይሻል

ይሁን እንጂ አለመተኮስ ብቻውን ጥበቃ አይደለም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ የብረት ዝገት በእጅጉ ይፈጥናል። የጣት አሻራ ጨው አለበት፤ የቆዳ አፎት እርጥበትና አሲድ ይይዛል፤ ካርቶኑም እርጥበት ይመጣል። የቆየ ቅባት ደግሞ እንደ ሙጫ ይደርቃል። በሌላ በኩል አየሩ ከመጠን በላይ ቢደርቅ የእንጨቱ እጀታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሽጉጡን በጓንት መያዝ፣ በስሱ ዘይት መቀባት፣ እርጥበቱን ከ40 እስከ 50 በመቶ ባለው መካከል ማቆየትና በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል። በሳጥን ተረስቶ የዛገ «ያልተተኮሰ» ሽጉጥ የሁለቱንም ወገን ጥቅም ያጣ ነው።

ከአገራችን ጋር ያለው ግንኙነት

በአገራችን የቆዩ ሪቮልቨሮች ጥቂት ቢሆኑም ጥያቄው ከጠመንጃዎቻችን ጋር ይመጣል። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ሲሆን፣ ይህ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴልና የጥቁር ባሩድ መሣሪያ ነው። ከጥቁር ባሩድ ቃጠሎ ውጤት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ነው፤ በውስጡ ያሉት የፖታሲየም ጨዎችም እርጥበት ስበው ብረቱን ከውስጥ ይበሉታል። በዚህ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ብረት በለቅሶ ወይም በሠርግ ቀን ቢተኮስበት፣ አደጋው ለተኳሹም አጠገቡ ለቆመውም ነው። የጦር መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ጉዳይ መሆኑ አይዘነጋም። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚነግረን ታሪክ በድምፁ ሳይሆን በገጹ ላይ ይገኛል፤ በሰደፉ ላይ የተቀረጸ ስም፣ የተጠገነ ማንገቻ፣ እጅ የለሰለሰው እንጨት። እነዚህን ለማንበብ አጉሊ መነጽርና ራጅ ይበቃሉ።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ቃታው ከመሳቡ በፊት፣ ይህ ድርጊት የሚያጠፋው ነገር ነገ ሊተካ ይችላልን ተብሎ ይጠየቅ። የሚተካ ከሆነ ብረቱን መርምሮ፣ ጥይቱን መጥኖ መተኮስ ነውር የለበትም። የማይተካ ከሆነ ግን ይቀመጥ፤ በአግባቡም ይጠበቅ። ያልተተኮሰን ሽጉጥ ነገም መተኮስ ይቻላል፤ የተተኮሰውን ግን ያልተተኮሰ ማድረግ አይቻልም።

ለአንባቢ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ጋዙ በብረቱ ላይ የሚቆይበት ጊዜ በአራት እጥፍ ቢያድግ፣ ሙቀቱ የሚዘልቀው ርቀት በስንት እጥፍ ያድጋል?

2. ከላይ በሠራነው ስሌት የግድግዳው ውፍረት ቆላፊዋ ጥርስ በምትገባበት ቦታ ወደ 1 ሚሊሜትር ቢቀንስ ጫናው ስንት ይሆናል? ከበሮው ለመሰንጠቅ የሚቀርበውስ በየትኛው በኩል ይመስላችኋል?