የብራውዘር መለወጥና የመሥሪያ ቤት ሥራ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድመን የቃሉን ትርጉም እንመልከት። አንድ ኩባንያ ለሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም «ከዚህ ቀን በኋላ ድጋፍ አልሰጥም» ሲል፣ ፕሮግራሙ በዚያው ቀን ይሞታል ማለት አይደለም። ማሽኑ ይከፈታል፤ ሥራውም ይቀጥላል። የሚቀረው ጥገናው ነው። ከዚያ ወዲያ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ ደፋኝ የለውም።

የብራውዘር ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ብራውዘር የኢንተርኔት ገጽ የምናይበት ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ ግን የባንክ፣ የግብር፣ የሒሳብና የግምጃ ቤት ሥራ ብዙው የሚከናወነው በእርሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብራውዘሩ ሲለወጥ፣ የመሥሪያ ቤቱን ፕሮግራም ማንም ሳይነካው፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ እንቢ ይላል።

የደቡብ ኮሪያን ታሪክ ለምሳሌ እንውሰድ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1990ዎቹ ዓመታት አሜሪካ ጠንካራ የምሥጢር መጻፊያ ያላቸው ፕሮግራሞች ወደ ውጭ እንዳይወጡ ትከለክል ስለ ነበር፣ ኮሪያውያን ሲድ የተባለ የራሳቸውን ዘዴ ሠሩ። ብራውዘሮቹ ይህን ዘዴ ስለማያውቁት አክቲቭኤክስ በተባለ ተቀጥላ አማካይነት ተጨመረ። አክቲቭኤክስ ግን የማይክሮሶፍት ንብረት በሆነው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ የሚሠራ ነበር። ከዚህ የተነሣ ደኅንነትን ለመጠበቅ የታሰበው ዘዴ የአገሩን ባንክና ንግድ ከአንድ ኩባንያ ብራውዘር ጋር አሰረው። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ሲወጣ ብዙ የባንክና የመንግሥት ገጾች ተሰናከሉ። በ2015 የመጣው ኤጅ አክቲቭኤክስን ጨርሶ አልተቀበለም። በጁን 15 ቀን 2022 ደግሞ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ራሱ በብዙዎቹ የዊንዶውስ 10 ዓይነቶች ላይ ድጋፉ ተቋረጠ።

ነገሩ ድንገተኛ ነው የሚል ቢኖር፣ የፍላሽን ታሪክ እንጠቅስለታለን። አዶቢ ኩባንያ ፍላሽን በ2020 መጨረሻ እንደሚያቆም ያስታወቀው በጁላይ 2017 ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ጊዜ ተሰጠ ማለት ነው። ሆኖም ቀኑ ሲደርስ የደቡብ አፍሪካ ገቢ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አንዳንድ ቅጾች ገና በፍላሽ የተሠሩ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱም በጃንዋሪ 2021 ለእነዚሁ ቅጾች ሲባል የራሱን ብራውዘር ለማውጣት ተገደደ።

እንግዲህ የዚህን ሁሉ ዕዳ የሚከፍለው ማነው? ፕሮግራሙን የሸጠው ነጋዴ አይደለም፤ ግዢውን የፈረመው አለቃም አይደለም። ከፋዩ በጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ባለጉዳይ የተሰለፈበት ጸሐፊ ነው። አዲሱን ቢቀበል ሥራው ይቆማል፤ አሮጌውን ቢይዝ ለሌባ በር ይከፍታል። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት ሲነሣ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ጥገና ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ጥገናውን ባላስገቡ ማሽኖች ምክንያት ግን በእንግሊዝ አገር በሺህ የሚቆጠር የሕሙማን ቀጠሮ ተሰረዘ።

መፍትሔው በሦስት ይከፈላል። አንደኛ፣ ፕሮግራም ሲሠራ በአንድ ኩባንያ ተቀጥላ ላይ ሳይሆን ብራውዘሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት ደንብ ላይ ይሠራ። ሁለተኛ፣ ከግዢ በፊት ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን ተጠይቆ በውሉ ይጻፍ፤ የመለወጫውም ገንዘብ ከወዲሁ በበጀት ይያዝ። ሦስተኛ፣ አዲስ ብራውዘር ለሠራተኛው ሁሉ ከመታደሉ በፊት በጥቂት ማሽኖች ይፈተን። ማይክሮሶፍት አሮጌ ገጾችን በኤጅ ውስጥ የሚከፍት ዘዴ ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚያቆይ አስታውቋል፤ ይህ ግን መተንፈሻ ጊዜ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም የምንጽፈውና ውል የምንፈርመው እኛው ተማሪዎች ነን። «ይሠራል ወይ?» ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ «እስከ መቼ ይሠራል? ከዚያ በኋላስ ማን ይጠግነዋል?» ብለን መጠየቅን ከአሁኑ እንልመድ።