6 ክፍል፣ 7 ቋሚ

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ ለተማሪዎች እንዲህ የሚል ጥያቄ ሰጠን፦ «ቀጥ ባለ 12 ሜትር መሬት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በየ2 ሜትሩ አንድ የአጥር ቋሚ ቢተከል ስንት ቋሚ ያስፈልጋል?» እኛ 12ን ለ2 አካፍለን 6 የሚል መልስ ይዘን ነበር። አንዲት ልጅ 7 ብላ ጻፈች፤ ኤክስ አደረግንባት። ልጅቱ ግን «አባቴ ሲያጥር አይቻለሁ» አለችና መሬት ላይ ጫር ጫር አድርጋ አሳየችን። ብንቆጥረው 7 ሆነ!

ለመሆኑ ስህተታችን የቱ ላይ ነው? ማካፈሉ ላይ አይደለም። 6 የክፍሎቹ ብዛት ነው፤ የተጠየቀው ግን የነጥቦቹ ብዛት ነው። በቁጥር መስመር ላይ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 ብለን እንጻፍ። ክፍሎቹ 6፣ የውስጥ ነጥቦች 5፣ ከሁለቱ ጫፎች ጋር 7 ናቸው። አጥሩ ዞሮ ቢገጥም ኖሮ መነሻና መድረሻው አንድ ስለሚሆን ቋሚውና ክፍሉ እኩል በሆነ ነበር።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ከ3 እስከ 11 ያለውን ርቀት 4 እኩል ቦታ ክፈሉ ሲባል ብዙዎቻችን 11ን ለ4 ለማካፈል እንቸኩላለን። መጀመሪያ ርቀቱን እናግኝ፦ 11 ሲቀነስ 3፣ 8 ነው። 8 ለ4 ሲካፈል 2 ይሆናል። ከ3 ተነስተን 2፣ 2 ስንጨምር 5፣ 7፣ 9 እያልን 11 ላይ እንደርሳለን። መጨረሻው 11 ላይ ካላረፈ የሆነ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው።

ለመርጃ መሣሪያ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ባለመስመር ደብተር ይበቃል። 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ የወረቀት ቁራጭ 5 እኩል ቦታ ለመክፈል አንዱን ጫፍ አንድ መስመር ላይ እናሳርፍ። ሌላውን ጫፍ አዘንብለን ከዚያ ወዲያ 5ኛው መስመር ላይ እናድርስ። በመካከል ያሉት 4 መስመሮች የወረቀቱን ጠርዝ በነኩበት ሁሉ ምልክት እናድርግ። እያንዳንዱ ክፍል 2.6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እኩል የተራራቁ ትይዩ መስመሮች ማንኛውንም ሰያፍ መስመር እኩል ይቆራርጡታልና።

በማግስቱ ያንን ኤክስ በክፍሉ ፊት ሰርዘን «ልክ ነሽ» ብለን ጻፍንላት። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ሳይፈሩ መጠየቅ ጀመሩ። እናንተም ለልምምድ ስትወጡ ኤክስ ከማድረጋችሁ በፊት «እንዴት አገኘኸው? እንዴት አገኘሽው?» ብላችሁ ጠይቁ።