ከቡሎን ሥር ውሃ የሚያንጠባጥብ አሮጌ ትራክተር አጠጋገን

ደጋማው ማሻ ላይ ትራክተር ውሃ ማፍሰሱን በዓይን ብቻ መለየት ይቸግራል። በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚጥልበት አገር ሞተሩ እርጥብ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ቦታውን ያረጋግጡ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የተጠረጠረውን ቡሎን ዙሪያውን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ያድርቁት፤ የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱበት፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ያሙቁት። ጠመኔው ቡሎኑን ከብቦ ከራሰ ችግሩ እዚያው ነው። ከላይ መስመር ሠርቶ ከወረደ ግን የጎማ ቱቦውን ፋሸታ ይመልከቱ።

የዘይት መለኪያውንም ይምዘዙ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ ወይም ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከተንተከተከ፣ ጉዳዩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ስለሚችል በአንድ ቡሎን አያልቅም፤ መካኒክ ይጥሩ።

ጥቂት ጠብታ ነው ብለው አይለፉት። በማሻ ከፍታ ላይ ውሃ ክፍት ዕቃ ውስጥ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ዝቅ ወዳለው ቴፒ ቢወርዱ ወደ 96 ይጠጋል። ራዲያተር ከዚያ በላይ ሙቀት የሚችለው ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ግፊቱ በቡሎኑ በኩል ካመለጠ ዳገት ላይ የሚያርስ ሞተር ቶሎ ይፈላል።

ብዙ ሰው ጠብታውን ሲያይ ቡሎኑን በኃይል ያጠብቃል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። በአሮጌ ሞተሮች ላይ አንዳንድ የቡሎን ቀዳዳዎች እስከ ውሃው መተላለፊያ ድረስ ይዘልቃሉ፤ ውሃውም ጥርሱን ተከትሎ ይወጣል። ዝገት አንገቱን የበላው ቡሎን ደግሞ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተው ሲጫኑት ይቆረጣል።

ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተው ውሃውን ከቡሎኑ በታች እስኪሆን በባልዲ ያጉድሉ። ኩላንት ያለበትን ባልዲ ክፍት አይተዉ፤ ይጣፍጣል፣ ውሻም ጥጃም ይገድላል። ቡሎኑ እምቢ ካለ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለው ያንጠባጥቡበትና ይደር። በማግሥቱ ትንሽ ፈታ፣ ትንሽ መለስ እያደረጉ ያውጡት።

የተበላውን ቡሎን መልሰው አይግጠሙ። ምትክ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ርዝመቱም ጥርሱም እኩል ይሁን። የማሲ ፈርጉሰን 135 ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ጥርሱ በኢንች ነው፤ የቤላሩስ በሚሊ ሜትር። የማይስማማ ቡሎን ሁለት ሦስት ዙር ከገባ በኋላ የሞተሩን ጥርስ ይበላል። በጣት እስከ ግማሽ ካልገባ ያቁሙ።

ቀዳዳውን በማስኪዮ ያጽዱ። ማስኪዮ ከሌለ ልኩ የሆነ አሮጌ ቡሎን ጎኑን በሴጌቶ ቁልቁል ሰንጥቀው፣ ስንጥቁን ግራሶ ቀብተው፣ በእጅ ያስገቡና ያውጡ፤ ዝገቱን ጠራርጎ ይወጣል። ከዚያ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ግራሶውን ያስለቅቁና ያድርቁ። ዝናብ ካለ ከላይ ሸራ ይወጥሩ፤ እርጥብ ጥርስ ላይ ማሸጊያ አይዝም።

የቧንቧ ጥርስ ማሸጊያ ቅባት፣ ቴፍሎን ያለበትን፣ ከጫፉ ሁለት ጥርስ ትተው ዙሪያውን ይቀቡ። የመዳብ ሮንዴላ ካለው ይቀይሩት። አዲስ ካጡ አሮጌውን እሳት ላይ እስኪቀላ አግለው ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ መዳብ ያኔ ይለሰልሳል፣ እንደገናም ያሽጋል። የቴርሞስታት ክዳን ወይም የውሃ ፓምፕ ቡሎን ከሆነ ሳያስጨንቁ እኩል ያጥብቁ። የቴስታታ ቡሎን ከሆነ ግን አንዱን ብቻ ፈተው ይሥሩ፤ በግምት ሳይሆን በሞተሩ መጽሐፍ ልክ፣ በቶርክ ሬንች ያጥብቁት።

ማሸጊያው ይደር። ሲሞሉ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ይጠቀሙ፤ እንደ ምንጭና ጉድጓድ ውሃ ጨው አይተውም። ግማሹ ኩላንት ይሁን። እዚህ ውርጭ ስለሌለ ብዙ ሰው ኩላንት አያስፈልግም ይላል፤ ዝገት የሚከላከለው ግን እሱ ነው፣ ቡሎኑንም የበላው ባዶ ውሃ ነው። ክዳኑን ሳይዘጉ ሞተሩን ያሙቁ፤ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሲጎድል ይሙሉና ይዝጉ። ጠመኔውን እንደገና ነስንሰው ግማሽ ቀን ይረሱበት፤ ደረቅ ሆኖ ከተመለሰ ሥራው ተሠርቷል።